ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ምጣዱን ግን ከመስመሩ አንሺው

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቤት ከገዛን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቤዝመንት አለው። በአንዱ ክፍል ከጎንደር የመጡት የባለቤቴ እናት ይተኛሉ። በሌላው በኩል ላውንደሪና ምጣዴ አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ሳምፕ ፓምፕ የሚሉት፣ ከቤቱ ሥር የሚሰበሰበውን ውሃ ከጉድጓድ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነገር አለ። ስንገዛ ኢንስፔክተሩ ‘ይሠራል’ ብሎ ስለጻፈ ከፍተን እንኳ አይተነው አናውቅም።

የዛሬ አሥር ቀን፣ አርብ ማታ፣ እንጀራ እጋግር ነበር። ዝናቡ ጀምሯል። መሃል ላይ ምጣዱ ጠፋብኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ እየጠበቀኝ ስለነበር ወደ ላውንደሪው ሶኬት ቀይሬ ጨረስኩና ወጥቼ ተኛሁ። ሌሊቱን ሲያወርደው አደረ። ጠዋት እማማ ከአልጋ ሲወርዱ እግራቸው ውሃ ውስጥ ገባ። የፓምፑ ጉድጓድ ሞልቶ ፈሶ ነው። ባለቤቴ በባዶ እግሩ ገብቶ ብሬከሮቹን ሲነካካ ፓምፑ ድንገት ተነስቶ ውሃውን ያወጣው ጀመር።

ፕለምበር ጠራን። ሞከረውና ‘ምንም አልሆነም’ ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ባለቤቴ ‘አርጅቷል፣ ትልቅ ፓምፕ እንግዛ’ ይላል። ቤዝመንት ውሃ እንዳይገባ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች ደግሞ በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ቆፍረን እንሠራለን ብለው 14 ሺህ ዶላር ጠየቁን፤ ዛሬውኑ ከፈረማችሁ ቅናሽ አለ እያሉ። ምንጣፉ መሽተት ጀምሯል። እማማም ‘እኔ እኮ ክረምቱን አገር ቤት ትቼው የመጣሁ መስሎኝ’ እያሉ ይስቁብናል። ምን ይሻለናል?

ቤዝመንቷ የራሰባት»

እህቴ፣ እንኳን ማንም ሳይጎዳ አለፈ። ፓምፑን ያጠፋው ምጣድሽ ነው።

በብዙ የአሜሪካ ቤቶች የቤዝመንቱ ሶኬቶች ተያይዘው በአንድ ብሬከር ላይ ያርፋሉ። ያ መስመር የሚችለው 15 ወይም 20 አምፒር ነው። ምጣድ ደግሞ ቀላል እቃ አይደለም። ብዙዎቹ 1500 ዋት አካባቢ ይጎትታሉ፤ ይህ በ120 ቮልት 12 አምፒር ተኩል ማለት ነው። ያንቺ ስንት እንደሆነ ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ታገኚዋለሽ። ፓምፑ እንደ ሥሪቱ ከ4 እስከ 10 አምፒር ይወስዳል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ይጠይቃል።

ስለዚህ ምጣዱ ብቻውን ሲሠራ ምንም የለም። ፓምፑም ብቻውን ሲሠራ ምንም የለም። ለሁለት ዓመት ሳትጋጩ የኖራችሁት ለዚህ ነው። ያን ዕለት ግን ዝናቡ ጉድጓዱን ሞላው፤ ፓምፑ ልነሳ ያለው ምጣዱ በጋለበት ሰዓት ሆነ፤ ብሬከሩ ወረደ። ሁለቱም አብረው ጠፉ። አንቺ የምጣዱን መጥፋት አየሽ። የፓምፑን ማን ያያል? ክዳን ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ላውንደሪው ብዙውን ጊዜ የራሱ መስመር ስላለው ምጣዱ እዚያ ሠራልሽ። ፓምፑ ግን ሌሊቱን ሙሉ መብራት አልነበረውም። ጠዋት ባለቤትሽ ብሬከሩን ሲመልሰው ተነሳ። ፕለምበሩም አልዋሸም፤ የመጣው ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ነው።

በኔ ግምት ብቻ አትሂዱ፤ ማረጋገጡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ የጠረጴዛ መብራት ይዘሽ ውረጂና ያን ዕለት ምጣዱ የጠፋበት ሶኬት ላይ ሰክተሽ አብሪው። ባለቤትሽ ያን ጠዋት የመለሰውን ብሬከር ያጥፋው። መብራቱ ጠፋ? አሁን እዚያው መብራቱን የፓምፑ ሶኬት ላይ ሰኪው። እዚያም ካልበራ ክርክሩ አለቀ። በነገራችን ላይ አንዳንዱ ሶኬት ራሱ መሃሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሉት፤ አንዷ ‘ሪሴት’ የምትል። እሷም ልክ እንደ ብሬከሩ ልትወርድ ትችላለች፤ ከሷ በኋላ የተያያዙትን ሶኬቶች ሁሉ ይዛ ነው የምትወርደው። ስለዚህ የፓምፑ ሶኬት ሲሞት ሁለቱንም ቦታ ማየት ልመዱ።

ከዛሬ ጀምሮ ያ መስመር ላይ ምጣድ አይሰካም። ማሞቂያም፣ ቫኪዩምም አይሰካም። ሶኬቱ ላይ ፕላስተር ለጥፊና ‘የፓምፕ ነው፣ አይነካ’ ብለሽ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፊበት፤ ልጆችም እንግዶችም ያነቡታል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ለፓምፑ ብቻ የተለየ መስመርና ብሬከር ማስጎተት ነው። ብሬከር ቦክሱ እዚያው ቤዝመንት ስለሆነ ረጅም ሥራ አይሆንም። ዋጋው እንደ ቤቱ ይለያያል፤ ከ14 ሺህ ዶላር ጋር ግን ጭራሽ አይወዳደርም። ‘እስከዚያው በኤክስቴንሽን ከሌላ ክፍል እንሳብ’ እንዳትሉ። ቀጭን ኤክስቴንሽን ይግላል፣ ፓምፑም የሚፈልገውን ኃይል አያገኝም።

አሁን ባለቤትሽ ይህችን ያንብብልኝ። በባዶ እግር፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ብሬከር ቦክስ መንካት! ወንድሜ፣ እግዜር አትርፎሃል። ውሃው ሶኬት ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም አንድ ኤክስቴንሽን መሬት ላይ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ቤዝመንቱ ውሃ ይዞ ሶኬት ወይም የተሰካ ገመድ ከነካ፣ ወይም ወደ ብሬከር ቦክሱ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ካስፈለገ፣ አትግባ። ለመብራት ኃይሉ ኩባንያ ደውለህ ከውጭ እንዲያጠፉልህ ጠይቅ። ምንጣፍ ይገዛል።

ትልቅ ፓምፕ ስለመግዛቱም አልስማማም። በብዙ ቤቶች ያለው 1/3 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው፤ መብራት ካገኘ ለተራ ዝናብ ይበቃል። ያን ጠዋት እኮ ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ውሃ ስቦ አወጣው፤ ደካማ ፓምፕ እንዲህ አያደርግም። በትንሽ ጉድጓድ ላይ በጣም ትልቅ ፓምፕ ስታስገቢ ውሃውን በጥቂት ሰከንድ ይጨርስና ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ሞተርን የሚገድለው ይሄ መነሳትና መጥፋት ነው። ዕድሜውን ግን እዩ። ላዩ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የተመረተበት ዓመት ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሳምፕ ፓምፕ አሥር ዓመት ካገለገለ ጥሩ አገልግሏል። ያንን ካለፈ በቁመቱና በጉልበቱ ተመጣጣኝ የሆነ አዲስ ግዙና ቀይሩት፤ እስኪሞት አትጠብቁት። የሚሞተው በዝናብ ሌሊት ነው፣ ሌላ ጊዜ ሥራ የለውምና።

የእማማ ቀልድ ውስጥ ቁም ነገር አለ። አገር ቤት ክረምቱ ቀጠሮ አለው። ሰኔ ሲገባ ጣሪያው ይታያል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፣ ቦዩ ይከፈታል። የዋሽንግተን አካባቢ የዓመት ዝናብ ድምሩ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የአዲስ አበባው አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ የዚህ አገሩ ዓመቱን ሙሉ የተበተነ ነው። በፌብሩዋሪ በረዶ ሲቀልጥም፣ በጁላይ ነጎድጓድ ሲጥልም፣ በሴፕቴምበር የሄሪኬን ጭራ ሲያልፍም ጉድጓዱ ይሞላል። የአትላንቲክ የሄሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ዋናውን እጥበትና ምርመራ ከጁን በፊት አድርጉት። ዘንድሮ አልፏችኋል፤ በዚህ ቅዳሜ ሥሩት። ከዚያ ወዲያ በየሦስት ወሩ አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል።

ባልዲው እንዲህ ነው። አምስት ጋሎን የሚይዝ ባልዲ ውሃ ሞልተሽ ውረጂ። የሊጥ ባልዲሽም ይሆናል፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ለሊጥ አትመልሺው። የጉድጓዱን ክዳን አንሺ። ክዳኑ በብሎን ታስሮ ዙሪያው በሲልከን ከታሸገና ከጎኑ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ ካለ፣ እሱ ከመሬት ሥር ለሚወጣውና ጤና ለሚጎዳው የራዶን ጋዝ የተሠራ ነው። ያላችሁበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ራዶን ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ ብዙ ቤት ይኖረዋል። መክፈት ይቻላል፤ ስትጨርሱ ግን መልሳችሁ ማሸግ አለባችሁ።

ውሃውን ቀስ እያልሽ አፍስሺ። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ይነሳል። የሮቶ ጋለጃንት ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ያኛው ሲነሳ ውሃውን ይዘጋል፣ ይሄኛው ሞተሩን ያስነሳል። ሞተሩ ይነሳ፣ ውሃው ይውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ራሱ ይጥፋ። ሦስቱንም ቆመሽ እይ። መነሳቱን ብቻ አይተው ክዳኑን የሚከድኑ አሉ። ሳይጠፋ የቀረ ፓምፕ ግን ያለ ውሃ እየዞረ ራሱን ያቃጥላል። አንዱ ልጅ ደግሞ ውጭ ቆሞ ውሃው በቧንቧው ጫፍ መውጣቱን ይመልከት። ሞተሩ እየጮኸ ውጭ ምንም ካልመጣ የሆነ ቦታ ተዘግቷል።

ፓምፕ ሲያስቸግር መጀመሪያ የምጠረጥረው ሞተሩን አይደለም፤ ተንሳፋፊውን ነው። በተለይ በገመድ የተንጠለጠለች ኳስ ዓይነት ከሆነች። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ከዓመት ዓመት ትንሽ ትንሽ እየዞረ ይሄድና ኳሷ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ትጣበቃለች፣ ወይም ከቧንቧው ጋር ትጠላለፋለች። ውሃው ይሞላል፣ እሷ አትነሳም። በእጅሽ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺያት፤ ምንም ሳይነካት መሄድ አለባት።

ገመዱንም ተከተይው። ብዙዎቹ ላይ ሁለት ፕለግ ተደራርቦ ታያለሽ። ግድግዳው ላይ የተሰካው የተንሳፋፊው ነው፤ ከጀርባው የተሰካው የፓምፑ። ባልዲውን አፍስሰሽ ፓምፑ ካልተነሳ፣ ሁለቱን አላቅቂና የፓምፑን ፕለግ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪው። ከተነሳ ሞተሩ ደህና ነው፤ የሞተው ተንሳፋፊው ነው። እሱ ብቻውን ይገዛል፣ ከአዲስ ፓምፕም በብዙ ይረክሳል። ይህችን የሁለት ፕለግ ነገር የማያውቅ ሰው ደህናውን ፓምፕ ይጥላል። ሙከራው ሲያልቅ እንደነበረው መልሺው፤ በቀጥታ እንደተሰካ ከቀረ መቆሚያ የለውም።

በዓመት አንዴ ደግሞ አውጥቶ ማጠብ ነው። መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል። ቧንቧው መሃል ላይ በጎማ የተያያዘ ቦታ አለ፤ ሁለቱን የብረት ቀለበቶች በጠመንጃ መፍቻ አላሉና ይለያል። ፓምፑ በእጀታው ይነሳ፤ በገመዱ የሚጎትት ሰው እጁን ይሰብስብ። ሥሩ ላይ ውሃ የሚስብበት ወንፊት አለ። ጠጠር፣ ፀጉር፣ የላውንደሪ ብናኝ፣ አንዳንዴም የልጅ መጫወቻ ይዞ ታገኙታላችሁ። በብሩሽና በውሃ እጠቡት። ከጉድጓዱ ሥር ያለውን ጭቃ በጓንት እየዘገናችሁ አውጡ። ፓምፑ በቀጥታ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ከነበረ ሥሩ ጠፍጣፋ ጡብ አድርጉለት፤ ደለሉን መሳብ ይተዋል።

ስትመልሱት ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ቼክ ቫልቭ ነው፤ የወጣው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው። ላዩ ላይ ቀስት አለ፤ ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ተገልብጦ ከገባ ፓምፑ የተዘጋ በር ይገፋል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ በቧንቧው ውስጥ ውሃ ሽር እያለ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ከሰማችሁ ቫልቩ ሞቷል፤ ያንኑ ውሃ ደግማችሁ ደጋግማችሁ እየገፋችሁ ነው። ሁለተኛው ቧንቧው ላይ፣ ከቫልቩ በታች፣ እርሳስ የማታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ፓምፑ ሲሠራ ከሷ ቀጭን ውሃ ይፈነጥቃል። ቀዳዳ መስሏቸው በቴፕ ወይም በማስቲሽ የሚደፍኗት አሉ። አትንኳት! የታመቀ አየር የምታስወጣው እሷ ናት። ከተደፈነች አየር ሞተሩ ጋር ተይዞ ይቀርና ፓምፑ እየዞረ ውሃ አይስብም።

ውጭ ያለው የቧንቧ ጫፍ ከቤቱ ቢያንስ አሥር ጫማ ይራቅ። ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ውሃው ወርዶ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፑ ሲዞር ይውላል። የጎረቤት ግቢ ውስጥም አይለቀቅ፣ ጠብ ያመጣል። ከመጸዳጃው ፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ክልክል ነው። በክረምት፣ የዚህ አገሩን የበረዶ ክረምት ማለቴ ነው፣ ጫፉ በበረዶ እንዳይደፈን አልፎ አልፎ እዩት።

ከፓምፑ በፊት ግን ቀና ብለሽ ጣሪያውን እይ። በ1000 ስኩዌር ፊት ጣሪያ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲወርድ ከ600 ጋሎን በላይ ውሃ ነው። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ያ ሁሉ በግድግዳው ተንጠባጥቦ ወደ ቤዝመንትሽ ነው የሚመጣው። አሸንዳው ይጠረግ። ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ ጫፍ ላይ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ማራዘሚያ ይቀጠልበት፤ ከሆም ዲፖ በትንሽ ብር ይገኛል። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈርም ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በመጀመሪያው አሥር ጫማ ስድስት ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ ሰው በፓምፕ ላይ ብር የሚያፈሰው አሸንዳ ለመጥረግ መሰላል መውጣት ስለሚሰለቸው ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሬይንስኬፕስ በሚባለው ፕሮግራሙ የዝናብ ውሃ ግቢው ውስጥ እንዲሰርግ ለሚሠሩ ባለቤቶች ከወጪው የሚመልስላቸው አለ፤ ጠይቁ።

ወደ 14 ሺው ልመለስ። ሰዎቹ ሌቦች ናቸው አልልም። የሚሸጡት ሥራ ለሚያስፈልገው ቤት ጥሩ ሥራ ነው። ግን አንቺ የጻፍሽውን እንይ። ውሃው የፈሰሰው ከጉድጓዱ ሞልቶ ነው። ያ ማለት በቤቱ ዙሪያ ከመሬት ሥር ያለው ማፍሰሻ ሥራውን ሠርቷል፤ ውሃውን ሰብስቦ ጉድጓዱ ድረስ አምጥቷል። የቀረው ከጉድጓዱ ማውጣት ብቻ ነበር። ሊቆፍሩልሽ የመጡት በአብዛኛው ያለሽን ነገር ነው። ግድግዳው መሃል ላይ የውሃ መስመር ከታየ፣ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ፓምፑ እየሠራ ከወለሉ ጠርዝ ውሃ ከገባ ያኔ ሌላ ወሬ ነው፤ ሦስት ሰው ጠርታችሁ ዋጋ ታወዳድራላችሁ። ‘ዛሬ ከፈረማችሁ’ የሚለውን ግን በሩን አሳዩት። በሜሪላንድ የቤት እድሳት የሚሠራ ሰው የስቴቱን የቤት እድሳት ኮሚሽን (ኤምኤችአይሲ) ላይሰንስ መያዝ አለበት፤ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ማየት ትችላላችሁ። በቅድሚያም ከጠቅላላ ዋጋው ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም።

ገንዘብ ማውጣት ካማራችሁ መብራት በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ላይ አውጡት። ኃይለኛ ዝናብና መብራት መጥፋት አብረው ነው የሚመጡት። በጁን 29 ቀን 2012 የመጣውን አውሎ ነፋስ እዚህ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ብዙ ቤት በዚያ ሙቀት ለቀናት ያለ መብራት ቆይቷል። ባለ ባትሪው ከዋናው ፓምፕ ጎን ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥና ዋናው ዝም ሲል ይነሳል። ባትሪው የመኪና ባትሪ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ሥራ የተሠራው ዲፕ ሳይክል የሚባለው ይሁን፤ በየሦስትና አምስት ዓመቱም ይቀየራል። በከተማ ውሃ ግፊት የሚሠራ ዓይነትም አለ። እሱ ባትሪ አይፈልግም፣ ከከተማ ሳይሆን ከራሱ የውሃ ጉድጓድ ለሚቀዳ ቤት ግን አይሆንም፣ መብራት ሲጠፋ ያ ውሃም ይቆማልና። ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ ቤዝመንትም ጋራዥም ውስጥ እንዳታስነሱት። ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ይራቅ፤ ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል።

ምንጣፉ ዛሬ ይውጣ። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዛል፤ እናንተ ደግሞ አሥር ቀን አልፏችኋል። ላዩ የደረቀ ቢመስልም ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዟል፤ የሚሸተው እሱ ነው። ስፖንጁ አይታጠብም፣ ይጣላል። የግድግዳው ጂፕሰም ከታች ከራሰ የራሰው ክፍል ይቆረጥ። የአየሩን እርጥበት የሚመጥ ዲሂውሚዲፋየር ሌት ተቀን ይሥራ፤ እሱንም ታዲያ የፓምፑ መስመር ላይ እንዳትሰኩት። ውሃ ነክቶት የነበረ የኤሌክትሪክ እቃ ሁሉ ባለሙያ ሳያየው አይሰካ። ከአገር ቤት የመጣው በርበሬና ሽሮ መሬት ላይ ከነበረና ውሃው ከነካው አታዝኝለት፣ ጣዪው። ከእንግዲህ መደርደሪያ ላይ ይሁን።

እማማ እስኪደርቅ ድረስ ላይ ይተኙ። በሻጋታ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሰው አይተኛም። ሲመለሱም ሁለት ነገር ይኑራቸው። አንደኛው ከ15 እስከ 30 ዶላር የሚሸጥ የውሃ ማንቂያ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና ውሃ ሲነካው ይጮኻል። ያን ሌሊት ቢኖር ኖሮ ውሃው አልጋቸው ድረስ አይመጣም ነበር። ሁለተኛው ሰው የሚያወጣ መስኮት ነው። መኝታ የሆነ ቤዝመንት ክፍል በአብዛኛው ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት የሚከፈት መስኮት እንዲኖረው ያስፈልጋል፣ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። ይህን የምለው ሳያስፈልግ ለማስፈራራት አይደለም። በሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 የሄሪኬን አይዳ ቅሪት ሲያልፍ እዚሁ ሮክቪል ውስጥ ውሃ በገባበት አፓርታማ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ሞቷል። በዚያው ዕለት ማታ ኒውዮርክ ውስጥ 11 ሰዎች ቤዝመንት ውስጥ ሰምጠው ሞተዋል። ስልካችሁ ላይ የድንገተኛ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከጮኸ እማማን ቀስቅሳችሁ ወደ ላይ አምጧቸው፤ ‘እንቅልፌን አበላሻችሁ’ ቢሉም። ቤዝመንታችሁን የምታከራዩም ይህን ለተከራያችሁ ንገሩት።

ስለ ኢንሹራንስ አልጠየቅሽኝም፤ ቢሆንም ሰኞ ደውይ። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ሳምፕ ፓምፕ ሞልቶ ያበላሸውን በአብዛኛው አይከፍልም። ‘ዎተር ባክአፕ’ የሚባል ተጨማሪ መግዛት ያስፈልጋል፤ ውድ አይደለም። አንዳንድ ሰው ከወኪሉ ጋር ሲፈርም ገብቶለት ሳያውቀው ይኖራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ‘አለኝ ወይ?’ ብለሽ ጠይቂ። እስከዚያው ግን ምንጣፉን ከመጣልሽ በፊት ፎቶ አንሺው፣ ቁራጩንም አስቀሪ። ከውጭ በመሬት ላይ ለሚመጣ ጎርፍ ደግሞ ራሱን የቻለ የጎርፍ ኢንሹራንስ ነው ያለው። የፌዴራሉ ፕሮግራም ቤዝመንት ውስጥ ያለ የግል ንብረትን አብዛኛውን አይሸፍንም፤ እንደ ቦይለርና የውሃ ማሞቂያ ያሉትን ግን ይሸፍናል። በአብዛኛው ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ የምትፈልጉት ከሆነ የኦገስትና የሴፕቴምበር ሄሪኬን ሳይደርስ በዚህ ሳምንት ጨርሱት።